ካራቴ ለማያውቅ ሰው፦ ደሴ ላይ የወሰድኩት የስድስት ቅዳሜ ራስን የመከላከል ስልጠና

ባለፈው ኅዳር ነው። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ስለሚወጣ 10 ተኩል ላይ ከቤት ወጣሁ። ደሴን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በዚያ ሰዓት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ አስፋልቱ ላይ ይተኛል፣ አሥር እርምጃ ርቆ የቆመ ሰው አይታይም። የጠራሁት ባጃጅ ቀረ። መናኸሪያው በእግር ሩብ ሰዓት ነው፣ ምን ችግር አለው ብዬ መንገድ ጀመርኩ።

ግማሽ ላይ ስደርስ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ዞር ብዬ አላየሁም። ሰውየው ሌባ ባይሆን ይቀየመኛል ብዬ ነው መሰለኝ፣ አንገቴን ቀብሬ እርምጃዬን ፈጠን አደረግኩ። ከዚያ የቦርሳዬ ማንገቻ ላይ አንድ እጅ አረፈ፣ ሌላው እጅ ክንዴን ያዘ። "ስልክሽን አምጪ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያውቀኝ ሰው። ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ እግሬ መሬት ላይ ተተከለ። ከዚያ ሁሉ የማስታውሰው የጃኬቱን እጅጌ ብቻ ነው፤ አረንጓዴ፣ ጫፉ የተተረተረ። ፊቱን ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቀውም። ስልኬን ከኪሴ ራሱ አወጣ፣ ከታጠፊያው የባጃጅ መብራት ሲመጣ ለቀቀኝና ሄደ።

ስልኩ ተተክቷል። ያልለቀቀኝ የሰው ጥያቄ ነው። እናቴ፣ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ሁሉም አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ "ለምን አልጮኽሽም?" ክፋት የለበትም፣ አዝነው ነው። ግን መልስ አልነበረኝም፣ እኔም ሌሊት ሌሊት ራሴን የምጠይቀው እሱኑ ነበር። ስለዚህ ጥር ላይ ፒያሳ አካባቢ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ ራስን የመከላከል ስልጠና፣ ምንም ዓይነት ካራቴም ሆነ ቴኳንዶ ለማይችል ሰው፣ የሚል ወረቀት ተለጥፎ ሳይ እዚያው ቆሜ ደወልኩ።

የማሰልጠኛውን ስም አልጠራም። ደስ ያለኝንም ያስከፋኝንም እኩል መናገር ስለምፈልግ ነው። እንዲህ ዓይነት ስልጠና አሁን በየከተማው እየተጀመረ ነው፤ ወሎ ውስጥ ደሴም ሁን ኮምቦልቻ፣ ወልዲያም ሁን ከሚሴ፣ ብር ከፍለህ ከመግባትህ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለብህ ብታውቅ ይጠቅምሃል።

ስድስት ቅዳሜ ነው፣ በየቅዳሜው ሁለት ሰዓት፣ በድምሩ 12 ሰዓት። ዋጋው 1,500 ብር። ቦታው የተከራዩት አዳራሽ ነው፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ አንዱ ተሰብሮ በካርቶን የተሸፈነ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ካልሲ ደርባችሁ ሂዱ። ተሰብስበን ስንቆጠር 14 ነበርን፦ 11 ሴት፣ 3 ወንድ። ከወንዶቹ አንዱ ማታ የሚሠራ የባጃጅ ሹፌር ነው፣ አንዱ ጥበቃ፣ አንዱ ተማሪ። ከሴቶቹ ነርስ አለች፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆች አሉ፣ ሰኞ ገበያ እህል የሚነግዱ ሃምሳውን ያለፉ እናት አሉ። እሳቸውን ሳይ ነው ልቤ የረጋው። እሳቸው ከቻሉ እኔም እችላለሁ አልኩ።

የመጀመሪያው ቀን ማንም ማንንም አልመታም። አሰልጣኙ አርባዎቹ ውስጥ ያለ ረጋ ያለ ሰው ነው። ብዙ ዓመት ቴኳንዶ ሠርቷል፣ ግን ገና ሲጀምር "የእኔን ዓመታት እናንተ በስድስት ቅዳሜ አታገኟቸውም፣ አገኛችኋለሁ ብዬም አልዋሻችሁም" አለን። ከዚያ ጫማችንን አውልቀን ባለንበት 50 ጊዜ እንድንዘል አደረገን። ስንጨርስ፣ ልባችን እየደለቀ ሳለ፣ "አሁን ስልካችሁን ክፈቱና ለአንድ ሰው 'ደህና ነኝ' ብላችሁ ጻፉ" አለ። ቀላል ይመስላል አይደል? የገዛ ስልኬን የይለፍ ቁጥር ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። ጣቴ ቁጥሩ ላይ አላርፍ አለ። አጠገቤ ያለችው ነርስ "ድህና ንኝ" ብላ ላከች። እሷ በቀን ስንት ሰው ደም ሥር ፈልጋ መርፌ የምትወጋ ልጅ ናት።

ያኔ ነው ነገሩን ያስረዳን። ሰው ሲደነግጥ ሰውነቱ አድሬናሊን የሚባለውን ሆርሞን ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፣ ደም ወደ ትላልቆቹ ጡንቻዎች ይሄዳል፣ ጣት የሚሠራው ረቂቅ ሥራ ይበላሻል። እይታ ይጠባል፣ ዓይን አንድ ነገር ላይ ተተክሎ ዙሪያውን አያይም። ጆሮም እንደዚያው። አንዳንዱ ሰው ይሸሻል፣ አንዳንዱ ይጋፈጣል፣ ብዙ ሰው ደግሞ ደርቆ ይቀራል። መድረቅ ፈሪነት አይደለም፣ ሳታስብበት የሚመጣ የሰውነት ምላሽ ነው።

ወደ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንባዬ መጣ። የጃኬቱ እጅጌ ብቻ ለምን እንደታየኝ ገባኝ። ያልጮኽኩት ስላልፈለግኩ አልነበረም። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልናገር፦ ተዘርፎ ወይም ተደፍሮ ያልጮኸ ሰው አጠገባችሁ ካለ "ለምን አልጮኽክም፣ ለምን አልጮኽሽም" አትበሉት። ጥፋቱ የአጥቂው ነው። እንኳን አንድም ነገር ያልተማረ፣ ተምሮ የመጣም ይደርቃል።

ስለዚህ ስልጠናው የተሠራው በዚህ ላይ ነው። ጣት የሚፈልግ፣ ቅደም ተከተል የሚፈልግ፣ ቆንጆ የሚመስል ነገር ሁሉ ወጥቷል። የቀረው ትልልቅ እንቅስቃሴ ነው። ከሁሉም በፊት ደግሞ ድምፅ።

ሁለተኛው ቅዳሜ ሙሉውን ድምፅ ነበር። በጥንድ ሆነን፣ አንዱ ከአዳራሹ ጫፍ እየተራመደ ይመጣል፣ ሌላው ሁለት ክንድ ያህል ሲቀረው መዳፉን ወደፊት ዘርግቶ "ቁም!" ይላል። በቃ ይኸው ነው። ይኸን ለመማር ብር ይከፈላል ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። እስቲ ሞክሩት። እኔ መጀመሪያ ያወጣሁት ድምፅ ሱቅ ውስጥ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነው። አሰልጣኙ "እየለመንሽው ነው" አለኝ። ሁለተኛው ላይ ሳቅኩ። የዩኒቨርሲቲዎቹ ልጆችም ሁሉም ሳቁ። "ሴቶች ሲያፍሩ ይስቃሉ፣ ያዡም የሚያየው ሳቁን ነው" አለን። እውነቱን ነው፣ ያደግነው "ሴት ልጅ ድምፅዋ ከጓዳ አይወጣም" እየተባልን ነው። ጉሮሮ ደግሞ ያልለመደውን በጨለማ ድንገት አይጀምርም።

ያ ቀን የእህል ነጋዴዋ እናት ቀን ሆነ። ተራቸው ሲደርስ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። የባጃጁ ሹፌር ነበር የሚመጣባቸው። መሃል ላይ ሳይደርስ "ኡኡ!" ብለው ለቀቁት፣ ያ የአገር ቤቱን፣ እሳት ሲነሳ ወይም ሰው ሲሞት የሚወጣውን። የአዳራሹ ጥበቃ ዱላውን ይዞ በሩን በርግዶ ገባ። ከውጭም ሁለት ሰው ተከተለው። አሰልጣኙ ይቅርታ ጠይቆ ሸኛቸውና ወደ እኛ ዞሮ "አያችሁ? እኔ ልሰጣችሁ ከምችለው ሁሉ የሚበልጠው ይኸ ነው፣ ከእናቶቻችሁ ጋር ነበር" አለን። እሳቸው ግን እጃቸውን በደረታቸው አድርገው "ልጆቼ፣ እኛ ገጠር ሳለን ኡኡ ከተባለ የማይወጣ ሰው አልነበረም። እዚህ ከተማ ገብተን ነው ያፈርነው" አሉ። ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም፣ ሁላችንም ጮኽን። እኔም ጮኽኩ። ኅዳር ላይ ያልወጣው ድምፅ የካቲት ላይ ወጣ፣ ማታ ድረስ ጉሮሮዬ ሻክሮ ነበር።

ሌላው የዚያን ቀን የተማርነው ብዙ ሰው ባለበት እንዴት እርዳታ እንደሚጠራ ነው። ሰው በተሰበሰበበት ዝም ብለህ "እርዱኝ" ብትል ሁሉም ሌላው ይሄዳል ብሎ ይጠብቃል። አንድ ሰው መርጠህ ጥቀሰው፦ "አንተ ነጭ ጋቢ የለበስከው! ይኸን ሰውዬ አላውቀውም፣ ና!" "አላውቀውም" የሚለው ቃል ወሳኝ ነው፤ አለበለዚያ የሚያየው ሰው የባልና ሚስት ጠብ ነው ብሎ ያልፋል። ይኸን በልባችሁ ያዙት።

ሦስተኛውና አራተኛው ቅዳሜ ምት ነው። ቡጢ አላስተማሩንም። ያልሠለጠነ ሰው በቡጢ የሰው ጭንቅላት ቢመታ የሚሰበረው የገዛ እጁ ነው። በምትኩ የመዳፍ ሥር፣ ክርን፣ ጉልበት፣ ተረከዝ። የሚመታውም ቦታ ጉልበት ያለውም የሌለውም ሰው እኩል የሚጎዳበት ነው፦ ዓይን፣ አፍንጫ፣ ጉሮሮ፣ እግሮቹ መሃል፣ ጉልበት፣ የእግሩ ጣቶች። አንድ ጊዜ መትተህ ማየት የለም። መትተህ ትሮጣለህ። አሰልጣኙ "ለማሸነፍ አይደለም፣ በር ለመክፈት ነው" ይል ነበር፣ በየምቱ መጨረሻ ላይ ሦስት እርምጃ ሮጠን በሩን ካልነካን አይቆጥርልንም።

የእጅ አንጓ ሲያዝ የሚደረገውን ግን ልንገራችሁ፣ ቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ሰው እጃችሁን ሲይዝ አራት ጣት በአንድ በኩል ነው፣ አውራ ጣት ብቻውን በሌላ በኩል። ደካማው ቦታ አውራ ጣቱ ጫፍና ሌሎቹ ጣቶች የሚገናኙበት ክፍተት ነው። ወደ ኋላ ብትጎትቱ ከአራቱም ጋር ትታገላላችሁ። ክርናችሁን ወደ ሰውየው ጠጋ አድርጋችሁ እጃችሁን በአውራ ጣቱ በኩል ብትመነጭቁት ይወጣል። ጥበቃው ትልቅ ሰው ነው፣ መዳፉ አካፋ ያክላል። እኔ 52 ኪሎ ነኝ። ሦስት ጊዜ ያዘኝ፣ ሁለቴ ወጣሁ። ሦስተኛውን ጊዜ በሙሉ ኃይሉ ያዘኝና አልወጣሁም፣ ያኔ አሰልጣኙ "ካልወጣ እጅሽን እርሺውና ቅልጥሙን በጫማሽ ርገጪው" አለ። ይኸ ደስ አለኝ። አንዱ ካልሠራ ሌላው አለ፣ ሁሉም ይሠራል ብሎ አልሸጠልንም።

አንገት ስለመታነቅ ያስተማሩት ደግሞ ሁሉም ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነው። የአንገት ግራና ቀኝ ያሉት ደም ሥሮች ከተጫኑ ሰው በ10 ሴኮንድ ገደማ ራሱን ይስታል። ስለዚህ ማሰቢያ ጊዜ የለም፦ አገጭን ወደ ደረት መቅበር፣ አንድ እጅን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ማንሳት፣ በሙሉ ገላ ወደ ጎን መዞር። የያዘው እጅ በትከሻው ጉልበት ይላቀቃል። ነርሷ እዚህ ላይ ያከለችው ነገር አለ። አንገቱን የታነቀ ሰው ምልክት ባይታይበትም፣ ደህና ነኝ ቢልም ሐኪም ቤት መሄድ አለበት፤ ድምፅ መሻከር፣ ምራቅ መዋጥ መቸገር፣ ራስ ምታት ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል፣ ውስጡ የተጎዳ ደም ሥር ሊኖር ይችላል። እሷ ሥራዋ ላይ ያየችው ነገር እንደሆነ ከድምፅዋ ያስታውቅ ነበር።

በጣም የወደድኩት ግን ለእኛ አለባበስ ማሰባቸው ነው። ቪዲዮ ላይ የሚያስተምሩት ሁሉም ጠባብ ሱሪ ለብሰው ነው። እኛ ጋ ሂጃብ አለ፣ ሻሽ አለ፣ ነጠላ አለ፣ ረጅም ቀሚስ አለ። ሂጃብሽን ከኋላ ቢይዝብሽ ምን ታደርጊያለሽ? ሁለት ሰዓት ሙሉ ማለት ይቻላል በእሱ ላይ ቆየን። መልሱ፣ የያዘውን እጅ በሁለት እጅሽ ጭንቅላትሽ ላይ አጥብቀሽ ያዢው፣ ፀጉርም ቢሆን ያው ነው፣ እንዳይጎትትሽ፤ ከዚያ ወደ እሱ ዙሪ። ጨርቁ የሚወልቅ ከሆነ ግን ተይለት። አንዲት ልጅ "ተገላልጬ?" ብላ ጠየቀች። አሰልጣኙ ከመመለሱ በፊት እናት "አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያይልሻል፣ ነፍስሽን ይዘሽ ነይ እንጂ" አሏት። ነጠላን አንገት ላይ ጠምጥሞ በጨለማ መሄድም እንደማይገባ ነገሩን፤ ሁለቱንም ጫፍ የያዘ ሰው ገመድ አገኘ ማለት ነው። ይኸን እስከዚያ ቀን አስቤው አላውቅም።

አምስተኛው ቅዳሜ ስለ ቢላ ነበር። ተማሪው ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚጠብቀው ይኸን ነው፣ ቪዲዮ ላይ ያየውን ቢላ የማስጣል ዘዴ ሊያሳየን ፈልጎ ነበር። አሰልጣኙ ነጭ ካናቴራ አስለበሰውና ለባጃጁ ሹፌር ቀይ ማርከር ሰጠው። "ማርከሩ ቢላ ነው፣ አስጥለው" አለው። አስር ሴኮንድ አይሞላም። ልጁ በእርግጥም የሹፌሩን እጅ ያዘ፣ ማርከሩም ወደቀ። ካናቴራው ላይ ግን ሰባት ቀይ መስመር ነበር፣ ሁለቱ ሆዱ ላይ፣ አንዱ አንገቱ ሥር። ልጁ ወደ ታች አይቶ ዝም አለ። ሁላችንም ዝም አልን። ከዚያ አሰልጣኙ የኪስ ቦርሳውን አውጥቶ ወደ ግራ ወረወረና ራሱ ወደ ቀኝ ሮጠ። "ስልክ ይገዛል። ብር ይሠራል። የምትታገለው ሊወስድህ ወይም ሊገድልህ ሲመጣ ብቻ ነው" አለ። ለእኔ ከ1,500 ብሩ ግማሹ የዚያች ማርከር ዋጋ ነው።

ሚጥሚጣ በወረቀት ጠቅልዬ እይዛለሁ ያለችም ነበረች። እሱንም ሞክረነዋል፣ በአመድ። ነፋሱ መለሰባት። ከዚያ ቀን በኋላ ከመያዝ ይልቅ ማሰብ ይሻላል አለች። እኔም በዚህ እስማማለሁ፣ ቢላ መያዝማ ጭራሽ አይታሰብ፣ ከእጅህ ነጥቀው መልሰው ይወጉሃል።

በዚያው ቀን የሕግ ባለሙያ ጋብዘው ነበር። ግማሽ ሰዓት ብቻ መስጠታቸው ያሳዝናል፣ ጥያቄያችን ሳያልቅ ሄደ። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 78 ራስን ወይም ሌላ ሰውን ከሕገ ወጥ ጥቃት ለመከላከል የተደረገ ድርጊት አያስቀጣም ይላል። ግን ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ጥቃቱ እየተፈጸመ ወይም ሊፈጸም የተቃረበ መሆን አለበት፣ በሌላ መንገድም ማምለጥ የማይቻል መሆን አለበት፤ መከላከሉም ከጥቃቱ ጋር የሚመጣጠን መሆን አለበት። ተመትቶ የወደቀን ሰው ተመልሰህ ብትረግጠው መከላከል አይባልም። አንቀጽ 79 ደግሞ ከመጠን ላለፈ ሰው ነው፤ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያቀልለታል፣ ያለፈው በድንጋጤ ወይም በፍርሃት ከሆነ ጨርሶ ላይቀጣውም ይችላል። ጥበቃው ይኸን ሲሰማ ማስታወሻ ደብተር ለምኖ ጻፈ። "ሌባ ይዤ ስንት ጊዜ ግራ ገብቶኛል" አለ። ጠለፋ ስለሚባለው ደግሞ፣ ለማግባት ብሎ በኃይል የጠለፈ ሰው በአንቀጽ 587 ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እሥራት እንደሚቀጣ ነግሮናል፤ ከገጠር ለትምህርት የመጡት ልጆች ይኸን አላወቁም ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ።

አንደኛ ነገር፣ ምንጣፉ። መውደቅና መሬት ላይ ሆኖ መከላከል ስንለማመድ፣ ማለትም በጀርባ ተኝቶ እግርን ወደ አጥቂው አድርጎ በተረከዝ መግፋትን፣ ከሲሚንቶው የለየን ስስ ስፖንጅ ነበር። አንዲት ልጅ ክርኗን ተልጣለች፣ እናት ደግሞ ይኸን ክፍል ቁጭ ብለው ለማየት ተገደዱ። ለ14 ሰው ሁለት አሰልጣኝም አነስ ይላል። ረዳቱ ወጣት ልጅ ነው፤ አቋማችንን ሲያስተካክል ሳይጠይቅ ትከሻችንን፣ ወገባችንን ይይዝ ነበር። ያለንበት ክፍል "አትንካኝ" ማለት የሚማርበት ክፍል ነው እኮ። ነርሷ በሦስተኛው ሳምንት ፊት ለፊት ነገረችው፣ ደነገጠ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ከዚያ በኋላ "ልንካሽ?" ሳይል አልነካም። መስተካከሉ ጥሩ ነው፣ ግን ከመጀመሪያው መሆን ነበረበት። ስትመዘገቡ ሴት አሰልጣኝ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ትልቁ ጉድለት ግን ይኸ አይደለም። ስድስቱም ቅዳሜ አጥቂው የማናውቀው፣ ከጨለማ የሚወጣ ሰው ነበር። ለእኔ እንደዚያ ነው የሆነው፣ ግን ለብዙ ሴት የሚመጣው ከሚያውቁት ነው። አለቃ ነው፣ የአጎት ልጅ ነው፣ ቡና ጠጪ ብሎ የጠራ ጓደኛ ነው። ለእሱ የመዳፍ ሥር አፍንጫው ላይ ማሳረፍ ማን ይደፍራል? እምቢ ማለቱ ራሱ ነው የሚከብደው፤ ይሉኝታው፣ "ቤተሰብ ምን ይላል" የሚለው። ካናዳ ውስጥ በሦስት ዩኒቨርሲቲዎች 893 አንደኛ ዓመት ሴት ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ። የእነሱም ስልጠና እንደኛው 12 ሰዓት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ከሠለጠኑት መካከል የተደፈሩት 5.2 ከመቶ ሲሆኑ በራሪ ወረቀት ብቻ ከተሰጣቸው 9.8 ከመቶ ነበሩ። እዚያ ታዲያ ምትና ግፊያ ከትምህርቱ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ሌላው ጊዜ የሄደው በሚያውቁት ሰው ላይ ነው፦ አደጋውን ቶሎ መለየት፣ ለራስ አምኖ መቀበል፣ ውስጥን የሚይዘውን ይሉኝታ ማለፍ። ይኸን ለአሰልጣኙ ነግሬዋለሁ። ጻፈው። ለሚቀጥለው ዙር ሁለት ቅዳሜ ለዚህ እንሰጣለን ብሎኛል፣ ካደረገው ተመልሼ ከፍዬ እገባለሁ።

ስድስተኛው ቀን ላይ ግማሽ ሰዓቱ ለምስክር ወረቀትና ለፎቶ ሄደ። እኔ ወረቀት አልፈለግኩም፣ አንድ ዙር ልምምድ ይሻለኝ ነበር። ሰዓት ማክበር ላይም ችግር አለ፣ ከስድስቱ አራቱን ዘግይተው ነው የጀመሩት።

ሥራ ላይ ውሎ እንደሆነ ለምትጠይቁ፣ አንድ ነገር ገጥሞኛል። መጋቢት ላይ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚኒባስ እየወጣሁ ነው። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፣ የሐረጎን ዳገት ስንጀምር መኪናው ጥቅጥቅ ብሎ ሞልቷል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ጃኬቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ከሥሩ እጁን ወደ እኔ ይልካል። መጀመሪያ መንገዱ ነው ብዬ ራሴን ሸሸት አደረግኩ። እንደገና መጣ። ልቤ መደለቅ ጀመረ፣ ጉሮሮዬ እንደ ኅዳሩ ሊዘጋ ሲል ተሰማኝ፣ በደንብ ነው የተሰማኝ። ያኔ ወደ ፊት ወደ ሾፌሩ እያየሁ "እጅህን አንሳ!" አልኩ። የአዳራሹ ድምፅ ነው የወጣው። መኪናው ሙሉ ዞረ። "ይኸን ሰውዬ አላውቀውም፣ እጁን ሰዶብኛል" አልኩ። ሰውየው "ምን ሆነች?" ምናምን ማለት ሲጀምር ከኋላ አንዲት እናት "ተነስ! ተነስ አንተ!" አሉ፣ ረዳቱም "ወራጅ አለ!" ብሎ መኪናውን አስቆመ። ሐረጎ ዳገት ላይ ወረደ። እናትየዋ እኔ አጠገብ መጥተው ተቀመጡና እጄን ያዙኝ። ደሴ እስክንገባ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማንንም አልመታሁም።

ማን ይሂድ? ማታ የሚሠራ፣ ማልዶ የሚወጣ፣ ብቻውን የሚከራይ ሰው ይሂድ። ወንዶችም ሂዱ፣ የባጃጁ ሹፌር ሌሊት ተሳፋሪ ሲጭን ከኋላ አንገቱን ሊያንቁት እንደሚችሉ እያሰበ የሚያድር ሰው ነው፣ ከሁላችንም በላይ የተለማመደው እሱ ነው። በስድስት ሳምንት ጀግና እሆናለሁ፣ ሰው እጥላለሁ ብሎ የሚያስብ ግን አይሂድ፣ ያ ትምህርት እዚህ የለም። ቤት ውስጥ ከባሏ ዱላ ጋር የምትኖር እህት ደግሞ ይኸ ስልጠና ብቻውን አይበቃትም። እሷን ብቻዋን አትተዋት፤ ከቤት የምትወጣበት መላ፣ የሚያስጠጋት ሰው፣ የፖሊስና የሕግ እርዳታ ያስፈልጋታል።

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ። ቀጣዩ ዙር ከፋሲካ በኋላ ይጀምራል ብለዋል። የታናሽ እህቴን ስም አስመዝግቤያለሁ፣ ሁለት ካልሲም ገዝቼላታለሁ።